ይሸጥ! አይሸጥ! የዝውውር ክርክራችን ከየት መጣ?

ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ የዝናብ ወራት ብቻ አይደሉም፤ የሒሳብ ሹሞችም ወራት ናቸው። ኳስ የለም፣ ሊጉ ተዘግቷል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ክለብ ያስተዳድራል። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው ወዳጃችን እከሌን በሠላሳ ሚሊዮን ሸጦ፣ እከሌን በአርባ ገዝቶ፣ ሦስተኛውን ለአንድ ዓመት በውሰት ሰጥቶ፣ አሰልጣኙን አባርሮ ይነሳል። ለታክሲ አምስት ብር ሲጨመርበት ከረዳቱ ጋር የሚተናነቅ ልጅ ሃምሳ ሚሊዮን ፓውንድ ሲያወጣ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰባት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ስምንት አሰልጣኝ አለ።

ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። (ትንሽ ለማሾፍ ነው።) እንዲያውም በከተማችን አለቃና ተላላኪ፣ ዶክተርና ሊስትሮ እኩል ተከራክረው እኩል የሚሰዳደቡበት ሌላ መድረክ ማግኘት ይከብዳል። ክርክሩ ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ ታሪክ። ሁላችንም ማን በስንት እንደተሸጠ በቃላችን እንወጣዋለን፤ ሰው እንዴት «ሊሸጥ» እንደቻለ ግን ጠይቀን አናውቅም።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ዝውውር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው የስፖርት ገጽ ነው። ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። ገጠር የተመደበ መምህር ወደ ቤተሰቡ ለመቅረብ ዝውውር ይጠይቃል። ቦታ ያገኛል፣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት «ና» ይለዋል፣ ቀድሞ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ግን መልቀቂያ አይሰጠውም። ያች አንዲት ማኅተም የተመታባት ወረቀት ከሌለች ሰውዬው ሥራም፣ ደሞዝም፣ ሕይወትም በእንጥልጥል ላይ ነው። መልቀቂያ ተከልክሎ የሚያውቅ ሰው ካለ የሚቀጥለውን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ይረዳዋል። ምክንያቱም የእግር ኳስ ዝውውር ታሪክ ከሥሩ ሲመረመር የመልቀቂያ ታሪክ ነው።

(ቅንፍ ይከፈትልኝ፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቼ ደግሞ አብዛኞቹ ከአርሴናል ሰፈር ናቸው። አድሎ አይደለም፤ የዝውውር ታሪክ ያለማቋረጥ የሚመላለስበት ክለብ ስለሆነ ነው። የማንቼ ደጋፊዎች ታገሱኝ፣ እናንተም መሃል ላይ ትመጣላችሁ። ቅንፉ ይዘጋልኝ።)

ውሉ አለቀ፣ ሰውዬው ግን አላለቀም

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋች ደሞዝ መክፈልን የፈቀደው በ1885 ነው። ሊጉ የተመሠረተው በ1888። ደሞዝ በተፈቀደ ማግስት አንድ ጭንቀት መጣ፤ ተጫዋቹ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እየዘለለ ብዙ የከፈለውን ቢከተልስ? ሀብታሙ ክለብ ጎበዞቹን ሁሉ ሰብስቦ ሊጉ ጨዋታ መሆኑ ቢቀርስ? መልካም ጭንቀት ነው፤ እኛም ዛሬ ድረስ የምንጨነቀው ነው። መፍትሔው ግን ጉድ ነበር።

ከ1893 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተጫዋች በአንድ የሊግ ክለብ ስም ከተመዘገበ፣ ያ ክለብ ካልፈቀደ በቀር ሌላ የሊግ ክለብ ሊያስመዘግበው አይችልም። ልብ በሉ፣ ውሉ ካለቀም በኋላ! የአንድ ዓመት ውል ፈርሞ፣ ዓመቱን ጨርሶ፣ «በሉ ደህና ሁኑ» ቢል፣ ክለቡ «አንለቅህም» ሊለው ይችላል። ደሞዙንም ሳይከፍለው! ስለዚህ ዛሬ «የዝውውር ዋጋ» የምንለው ነገር ሲወለድ የችሎታ ዋጋ አልነበረም፤ የመልቀቂያዋ ወረቀት ዋጋ ነበር።

በ1901 ሁለተኛው ገመድ ተጨመረ፤ የደሞዝ ጣሪያ። ማንም ተጫዋች፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተወሰነ። እንግዲህ አስቡት። ክለብ ሰውን በፈለገው ዋጋ ይሸጣል፤ ሰውዬው ግን ለራሱ ከጣሪያው በላይ አያገኝም።

ከዚያ የካቲት 1905 መጣ። ሚድልስብራ ወደ ታች ሊወርድ አፋፍ ላይ ነበር። አልፍ ኮመን የተባለውን አጥቂ ከሰንደርላንድ በ1,000 ፓውንድ ገዛው። በታሪክ የመጀመሪያው ባለ አራት አኃዝ ዝውውር ነው። እንግሊዝ ተንጫጫች፤ ጋዜጦች ነገሩን ከባሪያና ከከብት ንግድ ጋር እስከማመሳሰል ደረሱ። ኮመን ግን በመጀመሪያ ጨዋታው ሼፊልድ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ ለዜሮ አሸነፈላቸው፤ ሚድልስብራም ሳይወርድ ቀረ። ጩኸቱም ረገበ። ይህን ቅርጽ ያዙልኝ፣ ተደጋግሞ ይመጣል። መጀመሪያ «ኧረ ይህ ገንዘብ ነውር ነው!» እንላለን፤ ጎል ሲገባ ነውሩ ይረሳል። ማኅበሩ በ1908 ከ350 ፓውንድ በላይ ዝውውር እንዳይፈጸም ከልክሎ ነበር፤ ክለቦቹ በየስርቻው መንገድ ሲያገኙለት ከጥቂት ወራት በኋላ ተወው።

አሥራ አንድ ሽልንግ

አሁን ወደ አርሴናል እንሂድ። በ1909 አካባቢ ክለቡ ገና ዎልዊች አርሴናል እየተባለ በደቡብ ለንደን ሳለ፣ ቻርሊ ቡካን የተባለ የሰፈር ልጅ ያለ ደሞዝ ይጫወትለት ነበር። ልጁ የትራንስፖርትና የመሳሰለውን ወጪ ቆጥሮ 11 ሽልንግ ጠየቀ። አሰልጣኙ አልከፍልም አለው። ልጁም ጥሎ ሄደ።

ያ ልጅ በትናንሽ ክለቦች በኩል ዞሮ በ1911 ሰንደርላንድ ገባ፤ ከዘመኑ ድንቅ አጥቂዎች አንዱም ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ቆጥረን ወደ 1925 እንምጣ። አርሴናል ወደ ሰሜን ለንደን ተሻግሯል፤ ባለቤቱ ሰር ሄንሪ ኖሪስ ናቸው፤ ቡድኑ በሊጉ 20ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት ተርፏል። ኖሪስ አዲስ አሰልጣኝ ፈልገው በጋዜጣ ማስታወቂያ አወጡ። የማስታወቂያው መንፈስ «ውድ ተጫዋች በመግዛት ብቻ ቡድን እሠራለሁ የምትል ከሆነ አትልፋ» የሚል ነው። የመጣላቸው ኸርበርት ቻፕማን ነበር፤ እና ቻፕማን ገና ከመግባቱ ምን ጠየቀ? ቡካንን ግዙልኝ!

የሰንደርላንድ ሰዎች 4,000 ፓውንድ አሉ። ቡካን 33 ዓመት ሞልቶት ነበር። «በዚህ ዕድሜው?» የሚለውን ክርክር እኛ ካፌ ውስጥ የፈለሰፍነው ይመስለናል፤ መቶ ዓመት ሞልቶታል። የሰንደርላንድ አሰልጣኝ በዓመት 20 ጎል ያገባላችኋል ብሎ ሞገተ። ኖሪስም እንዲያ ካመንክ እንወራረድ አይነት መልስ ሰጡ፤ 2,000 ፓውንድ አሁን፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባት ለእያንዳንዷ ጎል 100 ፓውንድ። ቡካን ስንት አገባ? 21። ድምሩ 4,100 ፓውንድ። ኖሪስ ለመቆጠብ ብለው ከተጠየቁት በላይ መቶ ፓውንድ ከፈሉ። ከ11 ሽልንግ የተጀመረ ቁጠባ እንዲህ ተጠናቀቀ። ለፍትሕ ያህል፣ አርሴናል በዚያው ዓመት ከ20ኛ ወደ 2ኛ ወጣ።

ቻፕማን በ1928 ደግሞ የቦልተኑን ዴቪድ ጃክ ፈለገ። ቦልተኖች 13,000 ፓውንድ ጠየቁ። የቻፕማን ረዳት የነበረው ቦብ ዎል በኋላ እንደተረከው፣ ቻፕማን ድርድሩ የሚካሄድበት ሆቴል ቀድሞ ደርሶ አስተናጋጁን ጠራው። ለእንግዶቹ የሚጠይቁትን መጠጥ እጥፍ አድርገህ ቅዳ፣ ለእኔና ለረዳቴ ግን መጠጥ የሚመስል አልኮል የሌለው ነገር አምጣ አለው። ማታውን እንግዶቹ ሞቅ አላቸው፣ ቻፕማን ደረቁን ቁጭ ብሎ ዋጋ ቀነሰ። ጃክ ከ10,000 ፓውንድ በጥቂቱ በሚበልጥ ሒሳብ ተገዛ፤ አምስት አኃዝ የደረሰ የመጀመሪያው ዝውውር። በ1930 የኤፍ ኤ ካፕ፣ በ1931 የሊጉ ዋንጫ መጣ። ተረቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ያምር ነበር።

ግን አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ጃክስ? በደንቡ መሠረት ለፊርማ የሚፈቀደው 10 ፓውንድ ነበር፤ የሳምንት ደሞዝ ጣሪያ ደግሞ 8 ፓውንድ። ከአሥር ሺህ በላይ ተከፍሎበት፣ ሆቴል ተጠጥቶበት፣ በሕግ የሚደርሰው አሥር ፓውንድ። የእኛም ጠረጴዛ እንደዚያ ሆቴል ነው። ሁሉም ሰው አለ፣ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሸጠው ሰውዬ ብቻ የለም።

ቡሽ ሻጩ

ተጫዋቾቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1907 ማንችስተር ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከፊት መሪዎቹ አንዱ የዩናይትዱ የክንፍ ኮከብ ቢሊ ሜሬዲት ነበር። በ1909 እግር ኳስ ማኅበሩ «ከዚህ ማኅበር ካልወጣችሁ አትጫወቱም» ሲል ብዙዎች ፈርመው ወጡ። እምቢ ያሉት የዩናይትድ ተጫዋቾች ናቸው። ከክለባቸው ውጪ ተለማመዱ፣ ራሳቸውን «የተባረሩት ክለብ» ብለው ሰይመው ፎቶ ተነሱ። (የማንቼ ደጋፊዎች፣ ቃሌን ጠበቅሁ። ከዋንጫዎቻችሁ ሁሉ በላይ ልትኮሩበት የሚገባ ፎቶ ነው።) ማኅበሩ ተረፈ፤ ደንቡ ግን ሳይነቃነቅ ሃምሳ ዓመት ቆየ።

የነቀነቀው ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ ቀጭን አማካይ ነው። በ1960 ከኒውካስል ጋር የነበረው ውል አለቀ። የተሰጠው ቤት፣ ከኳስ ጎን ለጎን የተገኘለት ሥራ፣ ሁሉም አልተስማማውም። አዲስ ውል አልፈርምም፣ ልሂድ አለ። ክለቡም መልቀቂያ የለም አለው። ኢስትሃም ያደረገው ለብዙዎች እብደት ነበር፤ ኳስ መጫወት አቁሞ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወርዶ በአንድ ወዳጁ ድርጅት ውስጥ ቡሽ መሸጥ ጀመረ። ብሔራዊ ቡድን የሚመኘው ልጅ ቡሽ ሻጭ! ኒውካስል ጥቂት ወራት ጠብቆ እምቢታውን ሲያይ፣ በ1960 መጨረሻ ለአርሴናል በ47,500 ፓውንድ ሸጠው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ «ተመስገን» ብሎ ይተወዋል። የፈለገውን አግኝቷላ! የተጫዋቾች ማኅበሩ ግን ጉዳዩን ለሁሉም ፍርድ ቤት እናድርሰው አለ፤ ኢስትሃምም ተስማማ። በመሃል፣ በጥር 1961፣ በጂሚ ሂል የሚመራው ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ አስፈራርቶ 20 ፓውንድ ደርሶ የነበረውን የደሞዝ ጣሪያ አስነሳ። ብዙም ሳይቆይ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። በ1963 ደግሞ ዳኛ ዊልበርፎርስ በኢስትሃም ጉዳይ ፈረዱ፤ ውሉ ያለቀን ሰው ይዞ ማቆየት ሠርቶ የመኖር ነፃነቱን ያለ አግባብ መገደብ ነው።

የክለቦቹ መከራከሪያ ምን ነበር? ተጫዋቹ ከተለቀቀ ሀብታሞቹ ሁሉንም ይጠቀልሉታል፣ ትናንሾቹ ይሞታሉ የሚል። ይህን መከራከሪያ አትናቁት፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሊዬዧ ወረቀት

ከኢስትሃም በኋላ መያዙ ላላ፣ ዋጋው ግን ቀረ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች መሄድ ይችላል፤ አዲሱ ክለብ ለቀድሞው ይከፍላል። በአውሮፓ ውስጥም እንዲሁ። እስከ ዣን ማርክ ቦስማን።

ቦስማን ኮከብ አልነበረም። የቤልጅጉ ሊዬዥ አማካይ ነው። በ1990 ውሉ ሲያልቅ ክለቡ አዲስ ውል አቀረበለት፤ በወር 30,000 የቤልጅግ ፍራንክ። ቀድሞ የሚያገኘው 120,000 ነበር። «ሩቡን ልክፈልህ» የሚል አሠሪ! የፈረንሳዩ ደንከርክ ሊወስደው ተስማማ። ሊዬዥ ግን ደንከርክ የተስማማነውን ይከፍላል ወይ ብሎ ተጠራጠረ፤ ለፈረንሳይ ፌዴሬሽን መላክ የነበረበትን የምስክር ወረቀት ሳያስልክ ቀረ። መልቀቂያዋ! ጭራሽ ተጫዋቹን አገደው። ቦስማን በአንዲት ወረቀት ምክንያት የድሮውንም የአዲሱንም ክለብ አጣ።

ለአምስት ዓመት ተሟገተ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በሉክሰምበርግ ፈረደለት። ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ውሉ ያለቀ የኅብረቱ አገር ተጫዋች ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ያለ ምንም ክፍያ መሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ በኅብረቱ አገር ዜጎች ላይ የተጣለው የቁጥር ገደብ ፈረሰ። ሰውዬው ግን ከድሉ ብዙም አልተጠቀመም፤ የኳስ ዕድሜው በክርክር አለቀ፣ በኋላም በገንዘብ ችግር፣ በመጠጥና በድብርት ተንገላታ። ሚሊየነሮቹ የሚበሉበትን ማሳ ያረሰው እሱ ነው።

የክለቦቹ ስጋትስ? እውነትም ነበረበት። አያክስ በ1995 የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበር፤ አብዛኛውን ራሱ ባሳደጋቸው ልጆች። ከፍርዱ በኋላ ዳቪድስ በ1996፣ ክላይቨርት በ1997 ውላቸውን ጨርሰው ለሚላን በነፃ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ያነሳ የኔዘርላንድ ክለብ የለም። ነፃነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው መካከለኛው ክለብ ነው። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ታሪክ ሳይሆን ስብከት ይሆንብናል።

የቬንገር መዝገብ

አሁን የራሳችን ዘመን ላይ ደረስን። አርሰን ቬንገር ጥቅምት 1996 ሥራ ሲጀምር የቦስማን ፍርድ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰውዬው አዲሱን ገበያ ከእንግሊዞቹ ቀድሞ አነበበው። አኔልካን በ1997 ከፓሪስ በ500,000 ፓውንድ አመጣ፤ በ1999 ለሪያል ማድሪድ በ23 ሚሊዮን አካባቢ ሸጠ። በዚያ ገንዘብ ቴሪ ኦንሪ መጣ፣ ለለንደን ኮልኒ የልምምድ ማዕከልም ተረፈ። በ2001 ሶል ካምቤል ውሉን ጨርሶ ከቶተንሃም ወደ አርሴናል ያለ አንድ ፓውንድ ተሻገረ። ያኔ የቶተንሃም ደጋፊ «ይሁዳ!» ሲል እኛ ሳቅን። በ2004 ቡድኑ ሊጉን ሳይሸነፍ ጨረሰ። ቦስማን የሚባል ሰው ለአርሴናል ደጋፊ ወዳጅ ነበር።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። በ2006 በ390 ሚሊዮን ፓውንድ የተሠራው ኤምሬትስ ስታዲየም ተከፈተ፤ ዕዳው ኪስ ጨመቀ። ነሐሴ 2011 ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ናስሪ ወደ ማንችስተር ሲቲ ሄዱ፤ በዚያው ወር ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2። ያንን ምሽት የማያስታውስ የአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት የለም። ከዚያ 2012፤ ቫን ፐርሲ። በሊጉ 30 ጎል አግብቶ፣ ሐምሌ ላይ ውል አላድስም አለ። በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ለዩናይትድ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት 26 ጎል አግብቶ ዋንጫ አነሳ፤ የአርሴናል ተጫዋቾችም በራሳቸው ሜዳ ተሰልፈው አጨበጨቡለት።

«ለምን ሸጡት?» የሚለው ጥያቄ ከተማችንን ለዓመታት አጨቃጭቋል። «ቬንገር ስስታም ነው!» «ቫን ፐርሲ ከሃዲ ነው!» ሁለቱም መልስ አንድ ነገር ይረሳሉ፤ የቀረው አንድ ዓመት ውል ነበር። ዓመቱን ጠብቆ በ2013 በነፃ መሄድ ይችላል። እና ክለቡ የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ዛሬ 24 ሚሊዮን፣ ወይም ለአንድ ዓመት ያኮረፈ አጥቂና ከዚያ ዜሮ። ዋጋውን የተመነው ቬንገር አይደለም፤ ሊዬዥ ላይ የታገተችው ወረቀት ናት። ካምቤልን ያመጣልን በር ቫን ፐርሲን አስወጣ። በሩ ያው አንድ በር ነው። ጥር 2018 አሌክሲስ ሳንቼዝ ስድስት ወር ሲቀረው ከምኪታሪያን ጋር ሰው በሰው የተለወጠውም በዚያው ሒሳብ ነው።

በ2013 ደግሞ ክለቡ ከኖሪስ የወረሰው የሚመስል ነገር አደረገ። የሊቨርፑሉ ሉዊስ ስዋሬዝ ውል ውስጥ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲቀርብ የሚል አንቀጽ አለ ስለተባለ፣ አርሴናል 40,000,001 ፓውንድ አቀረበ። አርባ ሚሊዮን ከአንድ! ሊቨርፑል አልሸጥም አለ፤ ስዋሬዝ ቀረ። አንዷ ፓውንድ ከ11 ሽልንጉ አጠገብ በመዘክር ብትቀመጥ አይከፋኝም።

«ተስፋ የተጣለበት»

ክርክራችን ከሚሸጡት እኩል የሚወደው ገና ያልደረሱትን ነው። «ይህን ልጅ ጠብቁ!» የሚል ነቢይ በየጠረጴዛው አለ። ለእኛ ደግሞ አንድ ልዩ ልጅ ነበር፤ ጌዲዮን ዘላለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወለደ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ አደገ፣ በ2013 አርሴናል ገባ። ጥር 2014 በኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር ተቀይሮ ሲገባ 17 ዓመት አልሞላውም፤ ቬንገር ከተሾሙ በኋላ ተወልዶ በቬንገር የተሰለፈ የመጀመሪያው የአርሴናል ተጫዋች ሆነ።

ጊዜውን አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው በናይጄሪያ የተሸነፉበት ዘመን ነው። አገር በኳስ ሰክራለች። እና የአርሴናል ማሊያ ላይ «ዘላለም» የሚል ስም! ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። ለኢትዮጵያ ይጫወት! ለጀርመን? ለአሜሪካ? ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድ የሚያስታውስ ጥቂት ነበር። ልጁ የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ፣ በ2015 ፊፋ ፈቅዶለት ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰለፈ። ክለቡ ለሬንጀርስ በውሰት ሰጠው፤ በ2017 በወጣቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በ2019 አርሴናልን ለቆ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ።

«አልሆነም» ብለን ዘጋነው። ለመሆኑ ምን አልሆነም? አንድ ልጅ በሚወደው ሥራ በሁለት አህጉር ቡድኖች ደጅ ደርሶ፣ ተጎድቶ፣ ተነስቶ፣ መጫወት ቀጠለ። ያልሆነው በእሱ ላይ የጫንነው ሕልም ነው። ደጋፊም እንደ ክለብ «ምዝገባ» አለው፤ አንዴ በልቡ ያስመዘገበውን ሰው በቀላሉ አይለቅም።

ወረቀቷ ዛሬም አለች

ይህ ሁሉ አለፈ እንዳትሉ። ላሳና ዲያራን ታስታውሱታላችሁ? በ2007 ከቼልሲ መጥቶ ጥቂት ወራት አርሴናል ቆይቶ ወደ ፖርትስመዝ የሄደው አማካይ። በ2014 ከሎኮሞቲቭ ሞስኮ ጋር ተጣላ፤ ክለቡ ውሉን አቋረጠ፣ ተጫዋቹ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ እንዲከፍል ተወሰነበት። የቤልጅጉ ሻርለሯ ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን በፊፋ ደንብ አዲሱ ክለብ የካሳው ዕዳ ተካፋይ ሊሆን ይችላል፣ የዝውውር የምስክር ወረቀቱም ሊታገድ ይችላል። ቅጥሩ ፈረሰ። ያች ወረቀት! ጥቅምት 4 ቀን 2024 ያው የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት እነዚህ ደንቦች ከአውሮፓ ሕግ ጋር ይጋጫሉ ሲል ወሰነ። ከዲያራ ጠበቆች አንዱ ዣን ሉዊ ዱፖን ነው፤ የቦስማን ጠበቃ።

እንግዲህ ከ1893 እስከ 2024 መስመሩ አንድ ነው። የገበያውን ሕግ የለወጡት አሰልጣኞች አይደሉም፣ ባለሀብቶች አይደሉም፣ ደጋፊዎችም አይደለንም። መልቀቂያ የተከለከሉና «እሺ» ያላሉ ጥቂት ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ቡሽ ሸጠ፣ አንዱ ጤናውን ከሰረ፣ አንዱ አሥር ዓመት ጠበቀ። ሦስቱም ከተሟገቱት ይልቅ የተጠቀመው ከእነሱ በኋላ የመጣው ነው።

ክርክራችንን እናቁም እያልሁ አይደለም፤ ክረምቱ ያለ ዝውውር ወሬ ምን ሊሆን ነው? በሠላሳ ሽጡ፣ በአርባ ግዙ፣ አሰልጣኙንም አባሩ። አንድ ሰው ውሉን ጨርሶ የተሻለ ወዳገኘበት ሲሄድ «ከሃዲ» ከማለታችን በፊት ግን ጠረጴዛችንን ዞር ብለን እንይ። ከመካከላችን መሥሪያ ቤቱን ለመቀየር የሚፈልግ የለም? ሲቪውን በድብቅ የበተነ፣ የተሻለ ደሞዝ ሲያገኝ በማግስቱ የሚለቅ፣ ምናልባትም ይህን ሲያነብ ቦርሳው ውስጥ ያላለቀች የመልቀቂያ ደብዳቤ ይዞ የተቀመጠ የለም?

እሱን «ከሃዲ» የሚለው አለቃው ብቻ ነው።